ማኅተሙ ሩቅ ሲሆን፤ በድንበር አገር ስለሚዞሩ የትምህርት ሰነዶችና ስለ ዲጂታል ፊርማ የተደረገ ንግግር



ስለ ዲጂታል ፊርማ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ መጀመሪያ የታሰበኝ ኮምፒዩተር አልነበረም፤ አንዲት ወጣት ሴት በእጇ ይዛው የቆመችው ስልክ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በገዳሪፍ ከተማ የስደተኛ ተማሪዎችን መዝገብ ከሚያዘጋጁ መምህራን ጋር ጥቂት ወራት ሠርቼ ነበር። ከዚያው ዓመት ኅዳር ጀምሮ በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ድንበር ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ሕዝብ ከ60,000 በላይ ስለ ነበረ፣ ኡም ራኩባና ቱናይድባ በተባሉት ካምፖች ውስጥ ልጆቹን ለማስተማር መምህራን በብርቱ ይፈለጉ ነበር። ልጅቱ የመምህርነት ዲፕሎማዋን የጨረሰች ነበረች። ወረቀቷ ግን ወንዝ ሲሻገሩ ጠፍቷል፤ የቀራት አስቀድማ በስልኳ ያነሣችው የትራንስክሪፕቷ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ፎቶግራፉ ጥሩ ነበር፤ ክብ ማኅተሙም፣ የሬጅስትራሩ ቲተርና ፊርማም ጥርት ብሎ ይነበባል። መምህራኑን የሚመርጠው ሰው አይቶ ሲያበቃ፣ «ከተማርሽበት ቤት ማረጋገጫ ይምጣልን» አላት።

በበኩሌ ሰውየው ተሳስቷል አልልም። በስልክ ያለ ፎቶግራፍ እንዴት በቀላሉ እንደሚለወጥ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በዚያን ጊዜ እርሷ የተማረችበት አገር ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ነበርና ማረጋገጫ የሚጠየቅበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ለማስተማር የሠለጠነችው ሴት በሌላ ሰው ክፍል ውስጥ በረዳትነት ጠመኔ ስታቀብል ከረመች።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ፣ በገላባት ድልድይ ወደ መተማ ከተሻገሩት ሱዳናውያን መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። እነርሱም በተራቸው ማረጋገጫ ተጠየቁ፤ የሚጠየቀው መሥሪያ ቤት ግን ተዘግቷል። በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሱዳን ጥናት ማእከል ከነመጻሕፍቱ የተቃጠለው በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ነው። እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል ብዙዎቹ በድንበሩ በዚህም በዚያም ወገን ያስተማሩ ስለ ሆኑ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

እንግዲህ የምናምነው ወረቀቱን አይደለም ማለት ነው፤ ከወረቀቱ በስተኋላ ያለውንና ሲጠየቅ የሚመልሰውን መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ የማይመልስ ከሆነ እውነተኛው ወረቀትና ሐሰተኛው ወረቀት እኩል ይሆናሉ። ጥንት ማኅተሙን የሚያውቅ ሰው ደብዳቤውን ተቀብሎ ይፈጽም ነበር እንጂ ላኪውን መልሶ አይጠይቅም። ዛሬ ማኅተም የሚቀርጽ በየከተማው ስላለ፣ የቀለም ማተሚያውም ፎቶግራፉን አሳምሮ ስለሚያወጣ፣ ማኅተም አይቶ ብቻ የሚያምን ሹም የለም፤ ቢኖርም ተላላ ነው። ዲጂታል ፊርማን የሚሸጡ ሰዎች ፍጥነቱን ያወድሳሉ፤ ወረቀት ይቀንሳል፣ ወረፋ ያስቀራል ይላሉ። ለእኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ይህ አይደለም። ዋናው ጥቅሙ ሰነዱ የሰጠውን መሥሪያ ቤት ሳያስጠራ ስለ ራሱ ሊመሰክር መቻሉ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? ነገሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሠራ የሚችል ስለ ሆነ እስቲ እንሥራው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ አሜሪካውያን ሐሳቡን አወጡ፤ በተከተለው ዓመት ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሌናርድ ኤድልማን የሚሠራበትን ስሌት አገኙ። 3ንና 11ን ብናባዛ 33 ይሆናል። ይህ 33 ለሰው ሁሉ ይነገራል፤ ከእርሱም ጋር 3 የተባለው ይፋ ቁልፍ ይነገራል። 7 የተባለው የግል ቁልፍ ግን ከፈራሚው ዘንድ ይቀራል። ሰነዱ ተጨምቆ 4 የሚል ቁጥር ሆነ እንበል። ፈራሚው ሰባት አራቶችን እርስ በርሳቸው ያባዛል፤ 16,384 ይሆናል፤ ይህም ለ33 ሲካፈል የሚተርፈው 16 ነው። ይኸው 16 ፊርማው ነው። አረጋጋጩ በበኩሉ ሦስት 16ቶችን ያባዛል፤ 4,096 ይሆናል፤ ለ33 ሲካፈል 4 ይተርፋል። ሰነዱን ራሱ ጨምቆ ያገኘው ቁጥርም 4 ከሆነ፣ ሰነዱ አልተነካም፤ የፈረመውም የ7 ባለቤት ነው። አንድ ሰው በሰነዱ ላይ ያለውን ውጤት ለውጦ ቁጥሩ 5 ቢሆን ግን 16 ምን ጊዜም 5ን አይሰጥም፤ ያም ሰው 7ን ካላወቀ ለ5 የሚስማማውን ፊርማ ሊሠራ አይችልም። 33ን ወደ 3ና ወደ 11 መመለስ ለሕፃን ቀላል ነው፤ በእውነተኛው ሥራ ግን ቁጥሩ ከ600 በላይ አሃዞች ስላሉት ማንም እንዲህ ከፋፍሎ አላሳየም።

አረጋጋጩ ስልክ እንዳልደወለ ልብ በሉልኝ። የሚያስፈልገው ሰነዱ፣ ፊርማውና ይፋ ቁልፉ ብቻ ነው። ይፋ ቁልፉን ከጦርነቱ በፊት ተቀብሎ በስልኩ ወይም በማስታወሻ ደብተሩ አኑሮት ከሆነ፣ በኡም ራኩባ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ሰነዱ «ተጨምቆ» ቁጥር ይሆናል ያልኩትን ባለሙያዎች ሀሽ ይሉታል፤ እኔ ለተማሪዎቼ አሻራ እለዋለሁ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ኤስ ኤች ኤ 256 የተባለው ሲሆን፣ አንድ ገጽም ይሁን አንድ ወፍራም መጽሐፍ፣ ርዝመቱ ሁልጊዜ 256 ቢት የሆነ አሻራ ይሰጣል። ከእርሱ በፊት ይሠራበት በነበረው በኤስ ኤች ኤ 1 ግን የጉግልና በአምስተርዳም ያለው የሒሳብ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ዐይነት አሻራ ያላቸው ሁለት ልዩ ልዩ ሰነዶች ሠርተው ስላሳዩ፣ ለፊርማ ሊውል አይገባም። አሮጌ የኮድ ምሳሌ እየገለበጡ የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ሳያስተውሉ ያልፋሉ።

አሻራው የሚወሰደው ከትርጉም አይደለም፤ ከባይት ነው። በምናስተምርበት ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ከሠልጣኞቼ ጋር የሙከራ ፕሮግራም ስንሠራ መጀመሪያ ያደናገረን ይህ ነበር። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሀ፣ ሐና ኀ በአንደበታችን አንድ ቢሆኑም በማሽኑ ዘንድ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በአንድ የሙከራ ትራንስክሪፕት ላይ «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈውን ስም፣ አብሮን የሚሠራ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ፊርማው ካረፈ በኋላ በቅንነት «ሀይሉ» ብሎ አረመው። ፕሮግራሙም ሰነዱ ተነክቷል አለ። ጸሐፊው ተቆጣ፤ እኔም የኮዱ ስሕተት መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ መስመር በመስመር ስመረምር ሰነበትኩ። ማሽኑ ግን ልክ ነበር።

አንዳንድ ባልደረቦቼ፣ «ፕሮግራሙ ከመፈረሙ በፊት ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደሎች ወደ አንድ ይመልሳቸው» ብለው አሳብ አቀረቡ። እኔ አልተስማማሁም። ፀሐይ ሠረቀ ስንልና ሌባ ሰረቀ ስንል ልዩነቱን ያጠፋነው እኛ እንጂ ፊደሉ አይደለም፤ ደግሞም ሰው ስሙን ወላጆቹ እንደ ጻፉለት የመያዝ መብት አለው። ስለዚህ እንዲህ ብለን ቈረጥን፤ የተፈረመ ሰነድ አይታረምም፤ ስሕተት ከተገኘበት ይሻርና አዲስ ተጽፎ ይፈረማል። በአሮጌዎቹ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉት መዝገቦች ደግሞ ሌላ መከራ ናቸው፤ የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈው ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ተለውጦ በሰው ዐይን መነበብ አለበት።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ፕሮግራሙን በጻፍኩ ጊዜ ሥራው እንዲቀለኝ ብዬ የግል ቁልፉን ከኮዱ ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ አኖርኩት። ሠልጣኞቹም ኮዱን ለመለማመድ በፍላሽ እየገለበጡ ወሰዱት። በሳምንቱ አንዱ ሠልጣኝ የእኔ ስም ያለበት፣ በሁሉም ትምህርት መቶ ከመቶ ያገኘሁበት ትራንስክሪፕት በዚያው ቁልፍ ፈርሞ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። በስፖርት ሳይቀር መቶ ሰጥቶኛል። በክፍሉ ሁላችንም ሳቅን፤ ማታ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። ያ ቁልፍ የእውነተኛ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያች ቀን በኋላ የሚፈረመው ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት የተፈረመውም ሁሉ ይጠረጠር ነበር፤ ሌባ ቀኑን ወደ ኋላ ሊጽፍ ይችላልና። የታመነ ሦስተኛ ወገን «ይህን አሻራ በዚህ ቀንና ሰዓት አይቻለሁ» ብሎ የሚፈርምበት የጊዜ ማኅተም ያስፈለገው ስለዚህ ነው። በእርሱ አማካይነት ቁልፉ ከመሰረቁ በፊት የተፈረሙት ሰነዶች ሊድኑ ይችላሉ።

ቁልፉ በኮድ ውስጥ አይጻፍም፤ በኢሜይል አይላክም፤ ከውስጡ ሊገለበጥ በማይችል መሣሪያ ላይ በምስጢር ቁጥር ተዘግቶ ይቀመጣል። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ካዝና በሁለት ሰዎች ቁልፍ እንደሚከፈት፣ ይህም እንደዚያ ሊሆን ይገባዋል። ገንዘብ ያዡ ብቻውን ካዝና እንዳይከፍት የሚከለክል ርእሰ መምህር፣ የፊርማውን ቁልፍ ለአንድ ወጣት የኮምፒዩተር ሠራተኛ ሰጥቶ ዕረፍት ቢወጣ ምን ይባላል? ስሌቱንም ቢሆን ራሳችን ልንጽፈው አንድፈር። ሶኒ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ለመጫወቻ መሣሪያው ፕሮግራም ሲፈርም፣ በየጊዜው በዕጣ እንደሚወጣ ሆኖ መለወጥ የሚገባውን ቁጥር ሳይለውጥ ስለ ቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የምስጢር ቁልፉ ከፊርማዎቹ ተሰልቶ ወጣ። ባለሙያዎች ጽፈው ብዙ ሰው የመረመረው ስሌት እያለ አዲስ መጻፍ ድፍረት ነው።

ሰነድ ሲፈረም ፊርማው የትኛውን ክፍል ይሸፍናል የሚለው ጥያቄም ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ነገር ይህ የድንበር አገር ከማንም ይልቅ ያውቃል። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት በኩል ጆን ሌን ሃሪንግተን በተስማሙበት ውል፣ የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ከኡም ሐጀር በገላባት በኩል እያለ ወደ ደቡብ የሚወርደው መስመር ነው ተብሎ ተጽፏል። መስመሩ ራሱ ግን በቃል ተዘርዝሮ አልተጻፈም፤ ከውሉ ጋር በተያያዘው ካርታ ላይ በቀይ ተሠምሯል። ካርታው የተለየው ውል ማኅተሙ ቢኖርበትም ስለ ወሰኑ ብዙ አይናገርም። በፒዲኤፍ ሰነድም እንዲሁ ነው። ኮዱ ፋይሉን ከመጀመሪያው እስከ ፊርማው ቦታ፣ ከፊርማው ቦታም እስከ መጨረሻው አድርጎ በሁለት ክፍል ይለካዋል፤ ፊርማው ራሱ በመካከሉ በተተወው ባዶ ስፍራ ይገባል። ነገር ግን ፒዲኤፍ ከተፈረመ በኋላም በጅራቱ ላይ አዲስ ነገር እንዲጨመርበት የሚፈቅድ አሠራር አለው። የተጨመረው በፊርማው አልተሸፈነም፤ የሚያነበው ሰው ግን አንድ ገጽ አድርጎ ያየዋል። በጀርመን አገር የቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው 22 የኮምፒዩተር የሰነድ ማንበቢያዎች 21ዱ በዚህና ይህን በመሰለ ዘዴ ሊታለሉ እንደሚችሉ አሳይተዋል። እንግዲህ የማረጋገጫ ኮድ የሚጽፍ ሰው «ፊርማው ትክክል ነውን?» ብሎ ብቻ ከጠየቀ ግማሹን ረስቷል፤ «ፊርማው ፋይሉን ሁሉ ይሸፍናልን?» ብሎ መጨመር አለበት።

ይህ ሁሉ በኮምፒዩተር ላለ ፋይል ነው። የእኛ ሰው ግን የሚዞረው በወረቀት ነው፤ ወረቀት ላይ ሲታተም ፊርማው ይጠፋል። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ኪው አር ኮድ የሚባለው ባለ ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘን ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ኪው አር ኮድ አንድ አይደለም። በአብዛኛው የምናየው በውስጡ የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ የያዘውን ነው፤ ስልክ ሲያነበው የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ይከፍታል። ይህ ስልክ ከመደወል የተለየ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ በሱዳን በአብዛኛው አገር ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ እንዲህ ያለው ኮድ የታተመበት ወረቀት ጌጥ ብቻ ነበር። ትክክለኛው አሠራር የተማሪውን ስም፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ውጤቱንና ፊርማውን በኮዱ ውስጥ ራሱ ማስገባት ነው። ቀድሞ ያልኩት ስሌት የሚሰጠው ፊርማ ባለ 2,048 ቢት ቁልፍ ሲሆን 256 ባይት ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኢዲ 25519 የተባለው ግን በ64 ባይት ይጨርሳል። ባለ ሁለት ገጽ ትራንስክሪፕት ሳይሆን ዋና ዋናው ነገር ብቻ ከተጻፈ፣ ወረቀቱ እጥፋት ቢኖርበት እንኳ ርካሽ ስልክ ያነበዋል። ያቺ በገዳሪፍ ያየኋት ልጅ በስልኳ የያዘችው ፎቶግራፍ እንዲህ ያለ ኮድ የታተመበት ወረቀት ፎቶግራፍ ቢሆን ኖሮ፣ ወረቀቱን ወንዝ ቢወስደውም ፎቶግራፉ ይበቃት ነበር።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልበል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቷል፤ የቁልፎች ሁሉ የበላይ ምስክር የመሆንን ሥልጣን የሰጠውም ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው። በሱዳንም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕግ አለ። እንግዲህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በመተማና በገላባት መካከል ያለችውን ድልድይ በእግር ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ነገር ግን በአንዱ ወገን የታመነ የቁልፍ ምስክር በሌላው ወገን እንዲታመን፣ የዚያኛው ወገን ሹም የዚህኛውን ይፋ ቁልፍ አስቀድሞ ተቀብሎ መያዝ አለበት። ይህ የሒሳብ ጉዳይ አይደለም፤ ሰላም ባለበት ጊዜ ተገናኝቶ ቁልፍ የመለዋወጥ ጉዳይ ነው። ጦርነት ከተነሣ በኋላ ይላክልን ቢባል የመጣው ቁልፍ የማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ሌላው ነገር ደግሞ፣ የቁልፍ ምስክር ወረቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል፤ የመምህር ዲፕሎማ ግን እስከ ጡረታ ድረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሲፈረም በጊዜው ቁልፉ ጸንቶ እንደ ነበረ የሚያስረዳው ማስረጃ ከሰነዱ ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት።

ፊርማው የማይሠራውንም ነገር ካልነገርኳችሁ አታለልኳችሁ ማለት ነው። ሮስተሩ ላይ በጉቦ የተጨመረ ውጤት በእውነተኛ ቁልፍ ከተፈረመ፣ ፕሮግራሙ ትክክል ነው ይላል። ትርጉምንም አይጠብቅም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛውም በጣልያንኛውም እውነተኛ ነበር፤ 17ኛው አንቀጽ ግን በሁለቱ ቋንቋዎች ሁለት ነገር ይናገር ነበር። በገዳሪፍ የእኛን ሰው የትምህርት ማስረጃ ወደ ዐረብኛ የሚተረጉሙ ሰዎች አሉ፤ ትርጉሙ ግን አዲስ ሰነድ ስለ ሆነ የመጀመሪያው ፊርማ ወደ እርሱ አይተላለፍም። ዓመተ ምሕረቱንም ሲመልሱ ሰባትና ስምንት ዓመት ይቀያየራል፤ በዚህ ምክንያት ከመወለዱ በፊት ትምህርት የጀመረ ሰው ሆኖ የቀረበ ተማሪ በዐይኔ አይቻለሁ። በእኔ አሳብ አማርኛውም፣ እንግሊዝኛውም፣ ዐረብኛውም፣ ሁለቱም የዘመን አቆጣጠር በአንድ ፋይል ተጽፈው በትምህርት ቤቱ ቁልፍ በአንድነት ቢፈረሙ ይሻላል። የትርጉሙን ኀላፊነትም ተማሪው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ይሸከመዋል።

ከዚህ በላይ በቃል ባስረዳ አሰለቻችኋለሁ። በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሠልጣኞቼ ያዘጋጇቸው ሦስት ትራንስክሪፕቶች ተቀምጠዋል፤ ስሞቹ የፈጠራ ናቸው። በአንደኛው ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች፤ ሁለተኛው ከእኔ በተሰረቀው ቁልፍ የተፈረመ ነው፤ ሦስተኛው ደኅና ነው። ይፋ ቁልፉ ያለበት ስልክ አጠገባቸው አለ፤ ሲም ካርዱንም ዛሬ ጧት አውጥቼዋለሁ። እስቲ ሻይ እስኪቀርብ ድረስ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሞክሩ።